ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የተመለሰው የኮክ ሽታ

ይድረስ በፍራፍሬ መዓዛ ሻምፑና ኮንዲሽነር እያመረተ የሰዉን ራስ ሁሉ ለሚያሳምረው ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም ሠራተኞችዎም ደህና እንድትሆኑልኝ ከልብ እመኛለሁ። ለፀጉርዎም ጤና እንዳልመኝ፣ ጋዜጣ ላይ በወጣው ፎቶግራፍዎ እንዳየሁት ነገሩ ካለፈ ቆይቷልና፣ ለተረፈው ለራስዎ ቆዳ መልካሙን ሁሉ ተመኝቼ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

እኔ የሴቶች ፀጉር ሠሪ ነኝ። ከፊት ያለችው ክፍል የሥራ ቦታዬ ስትሆን፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ደግሞ ከእናቴ ጋር የምንኖርባት ቤታችን ናት። ባለፈው ወር የሽያጭ ሠራተኛዎ፣ እጅግ ትሁት ሰው፣ የኮክ ሽታ ያለው ሻምፑና ኮንዲሽነር በነጻ ሰጥቶኝ፣ ሞክሬ አስተያየቴን በጽሑፍ እንድልክ አደራ ብሎኝ ሄዷል። አደራ በላ እንዳልባል ይኸው ጽፌያለሁ፤ ለሌሎች የሙያ ጓደኞቼም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ደብዳቤውን ለሁሉም ክፍት አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ጠርሙሱ ላይ የሚያማምሩ ኮኮች ከነቅጠላቸው ተስለው ሳለ፣ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተዘረዘረውን ባነበው ባነበው ኮክ የሚባል ነገር አጣሁበት። ፍሬው ሳይኖር ሽታውን ብቻ ማኖር ቀላል ጥበብ አይደለምና እጅዎ ይባረክ። ባለቤቱ በሌለበት ሽታውን ማምጣት እንደምትችሉበት ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ግን ክዳኑን አልከፍተውም ነበር።

ሁለተኛ፣ አረፋው ብዙ ነው፣ ኮንዲሽነሩም የተቋጠረ ፀጉር ያፍታታል፣ ማበጠሪያ አያሲዝም። ይህ ቅሬታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሙያ አይቼ ዝም ማለት አልችልበትም።

ሦስተኛ፣ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፋብሪካዎ ይህንኑ ሽታ ከዓመታት በፊት ይሠራው ነበር። ታናሽ እህቴ፣ እዚሁ አብራኝ የደንበኛ ፀጉር ታጥብ የነበረችው፣ ከእሱ ሌላ ሻምፑ ፀጉሯን አታስነካም ነበር። አንድ ማለዳ ቸኩላ፣ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ ስትወጣ፣ እናቴ ከኋላዋ ሳይደርቅልሽ አትውጪ ብላ ተቆጣቻት፤ እሷም እየሳቀች ወጣች፣ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ተገለበጠና በዚያው ቀረች። ብዙም ሳይቆይ እናንተም ሽታውን ማምረት አቆማችሁ። ያኔ ረግሜአችሁ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን የቤታችን ለቅሶ እንዲበርድ ያገዛችሁን እናንተ ናችሁና፣ ዘግይቶም ቢሆን ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ናሙናውን መጀመሪያ የሞከርኩባት ደንበኛ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ናት። አጥቤያት፣ ኮንዲሽነሩንም አለቅልቄ፣ ራሷን በፎጣ ጠቅልዬ ቀና ሳደርጋት፣ ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ፣ እህቴ ከሞተች ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ "መጣሽ?" አለች። ልጅቷ ምን ታውቃለች፣ እሷን የጠየቋት መስሏት "አዎ እማማ፣ መጣሁ" ብላ መለሰች። እናቴ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷልና ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች፤ ፎጣውን ገለጥ አድርጋ ፀጉሩን በጣቶቿ ነካችና "አሁንም አልደረቀም እንዴ?" አለች። 

እናቴ አርጅታ የምትቀባጥር እንዳይመስልዎ። በማግስቱ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ልጅቷ ደንበኛ እንጂ ሌላ እንዳልሆነች ላስረዳት ስሞክር፣ "አላበድኩም፤ ልጄን አፈር አልብሼ የተመለስኩ እኔ ነኝ። ቢሆንም ሽታዋ እቤቴ ሲገባ ዝም ልበላት?" አለችኝ። የዚህን መልስ ምናልባት በፋብሪካዎ የምርምር ክፍል ያሉት ምሁራን ያውቁት ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ወንበሯን መጋረጃው አጠገብ አስጠግታ ትጠብቃለች። የታጠበችውን ሁሉ ጎንበስ በይልኝ ትላለች፣ ፀጉሯን ታሸታለች፣ ውሎዋን ትጠይቃለች፣ ከስተሻል፣ ምግብ ብዪ ብላ ትመክራለች፣ ሳይደርቅላት እንዳትወጣም ትለምናለች። መጀመሪያ ላይ ደንበኞቼ እሺ እማማ ይሏት ነበር። ኋላ ግን የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ እጇን ይዛ "እዚያ ይበርድሻል?" ብላ ጠየቀቻት፤ ሴትየዋ ፀጉሯ የተጠቀለለበትን ቢጉዲ እንዳደረገች ብድግ ብላ ወጣች፣ ቢጉዲዎቼንም እስከ ዛሬ አልመለሰችም። አሁን ወሬው ተዛምቶ እዚያ ቤት ሙት ይታጠብበታል እየተባለ ነው፤ ደንበኞቼም መንገዱን ተሻግረው ሌላ ፀጉር ቤት ወረፋ ይይዛሉ። የእኔ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሰው ሳያሞቅ ይውላል። ይህን ሁሉ ያደረጉልኝ በነጻ መሆኑን ሳስብ ልግስናዎ ይገርመኛል።

አራተኛውን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። ሥራ በጠፋበት አንድ ቀን ቁጭ ብዬ፣ ለባዳ ሁሉ የሚደርሰው "መጣሽ?" ለእኔ ለምን ይቅርብኝ ብዬ ቀናሁ። አዎ፣ በሞተች እህቴ ቀናሁ። በሻምፑው ታጠብኩ፣ ኮንዲሽነሩን ተቀባሁ፣ በሥርዓት ተለቃለቅሁ፣ ከዚያ እርጥብ እንደሆንኩ ሄጄ ራሴን እናቴ ጉልበት ላይ ጣል አደረግሁ። ብዙ አሸተተችኝ። ቀጥላም "አንቺማ አንቺ ነሽ" ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝና ተነሳች። በማላውቃቸው ሴቶች ራስ ላይ ልጇን ያገኘች እናት፣ በእኔ ራስ ላይ ያገኘችው ሻምፑ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ "ለማንኛውም ዓይነት ፀጉር" የሚለው ጽሑፍ እንዲታረም በትህትና አመለክታለሁ።

የመጨረሻው ቅሬታዬ በጠርሙሱ አንገት ላይ የተንጠለጠለችውን ቀይ ወረቀት ይመለከታል። "የምትወዱት ተመልሷል፤ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ" ትላለች። ስንቱ ለምኖ፣ ስንቱ አልቅሶ ያልተሳካለትን እናንተ በጠርሙስ ሞልታችሁ እቤታችን ድረስ አምጥታችሁ ሳለ፣ እንደ ቅናሽ ሽያጭ ቀን ቆርጣችሁለት መልሳችሁ ልትወስዱት ነው። ይቁም ልልዎ አልችልም፤ ይቀጥል ልልዎም አልችልም። እህቴ መጀመሪያ ስትሄድ ማንም አልነገረንም፤ ሁለተኛ የምትሄድበትን ቀን ግን የሚያውቁት እርስዎ ነዎትና፣ ለእናቴ የምላትን እንዳዘጋጅ ቀደም ብለው ቢያሳውቁኝ ውለታዎን አልረሳም።

ከፀጉሬ ሥር እስከ ጫፉ በሚደርስ አክብሮት፣
በናሙናዎ ቤቷ የሞላ፣ ወንበሮቿ ግን ባዶ የቀሩባት፣
ከመጋረጃው ፊት ያለችው ፀጉር ሠሪ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ካበቃሁ በኋላ ሻምፑው አለቀ፤ ኮንዲሽነሩ እንደ ወትሮው ትንሽ ተርፏል። እናቴ የተረፈውን አምጪው አለችና፣ ደንበኛ በሌለበት የማጠቢያ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ፣ ጠርሙሱን እየጨመቀች ፀጉሬን በእጇ ቀባችኝ። ጠርሙሱ አየር ብቻ መትፋት ሲጀምር እጇ ራሴ ላይ ቆመ፤ ከዚያ በእህቴ ስም ጠራችኝ። ማን እንደሆንኩ አሳምራ ታውቃለች። እኔም "አቤት" አልኳት። ለተወሰነ ጊዜ ብቻ መሆኑን እርስዎ ይንገሯት፤ እኔ አልችልም።