አቅኚልኝ

ጥቅምት 4

የሆቴሉ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው የደወለው። በጸሐፊው አለማስደወሉ ደግነት ነው። አዲሱ ፎቶ አንሺ ድሮን አለው፣ ሌንሱም ሰፊ ነው። "ክፍሎቹ ትልልቅ ሆነው ወጡልን" አለኝ። የላከልኝን አየሁት። አልጋው ላይ አውሮፕላን ማሳረፍ ይቻላል። እንግዳው ሻንጣውን እየጎተተ ሲገባ ምን ሊል ነው... ግን ከዛሬ ጀምሮ እሱ የእኔ ጉዳይ አይደለም።

አምና ይኼኔ አራት ደንበኛ ነበረኝ። ሶፋና ጠረጴዛ የሚሠራው ሰውዬ በስልኩ ማንሳት ጀመረ። ቤት ከውስጥ የምታሳምረዋ ልጅ አግብታ ከተማ ቀየረች። ሆቴሉ ይኸው። የቀሩኝ አርክቴክቱ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ከሄዱ... ካሜራውን ለማን ነው የምይዘው?

ለባለቤቴ ነገርኩት። አውቶቡሱን ገና አቁሞ መግባቱ ነው፤ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል።

"አንቺም እኮ አንዲት ክፍል ለማንሳት ግማሽ ቀን ትገተሪያለሽ። እኔ በዚያ ሰዓት ስንት ከተማ አልፋለሁ።"

"ብርሃን እየጠበቅኩ ነው።"

"ብርሃኑ ደሞዝ ይቆርጥልሻል?"

ሳቅን። ቶሎ አለቀብን።

ጥቅምት 7

ደንበኛ ፍለጋ ወጣሁ። የሠራኋቸውን ፎቶዎች አሳትሜ፣ በጥቁር ፎልደር አድርጌ። ሠርግ ቤት የምሄድ ይመስል ጫማዬን ጠርጌ።

የሴራሚክ መደብሩ ባለቤት ፎልደሩን ከኋላ ወደ ፊት ገለጠው። "እኅቴ፣ ያምራል። ግን ሴራሚክ ሴራሚክ ነው፤ ማን አነሳው ብሎ የሚጠይቅ ገዢ የለም።" አዲስ የተከፈተው ካፌ፦ "ለመተዋወቂያ ያህል በነፃ አንሺልን፤ ስምሽን እንጽፋለን።" የት? "ገጻችን ላይ።" ገጹን አየሁት። ከራሳቸው አስተናጋጆች ሌላ ተከታይ ያላቸው አይመስለኝም።

አንድ የቤት ደላላ ግን እዚያው ሥራ ሊሰጠኝ ነበር። አብረን ሄድን። ሳሎኑ ውስጥ የተሰቀለ ልብስ አለ፤ መስኮቱ ሥር ባልዲ። "ቆይ፣ ባልዲውን ገለል ላድርግ፤ ፀሐይዋም ትንሽ ዞር ትበል" አልኩት።

"እንዴ! ፀሐይ እስክትዞር ቤቱ ይሸጥብኛል!"

በራሱ ስልክ አነሳው። ባልዲው መሃል ላይ።

አርክቴክቱ "ቆይ-ቆይ" ብለው ያወጡልኝ ስም ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥቅምት 12

ስልኩ አልጮኸም። አጥፍቼ አበራሁት፤ ተበላሽቶ እንደ ሆነ ብዬ። አልተበላሸም።

ጥቅምት 16

አርክቴክቱ ደወሉ! ለመጠየቅ አይደለም፤ ለሥራ።

"ቆይ-ቆይ፣ ያንን የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ፎቶ በትልቁ አሳትመሽ ውሰጂልኝ። መግቢያውን ያነሳሽውን።"

"የት ልውሰደው ጋሼ?"

"ለዳይሬክተሯ። ግድግዳው ዘመመ እያለች ሰፈሩን አሸበረችው። እነሱ ናቸው ክረምቱን ለውሃ ቱቦ ብለው ሥሩን የቆፈሩት። ሲረከቡን ቀጥ ብሎ እንደ ነበር ዓይኗ ይየው። ፎቶሽ አፍ አውጥቶ ይናገርልኛል።"

ከዚያ ደግሞ እንደ ዋዛ፦ አዲስ የሚያሠሩት ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ሊያልቅ ነው፤ ከውጭም ከውስጥም የሚያነሳው ሌላ ሰው የለም፤ "ያንቺ ነው" አሉ።

ግድግዳውን አስታውሰዋለሁ። ለብቻው የቆመ፣ ረጅም፣ ጣሪያ የማይሸከም። እንግዳ እሱን ታኮ ነው ወደ በሩ የሚገባው። ለውበት የተሠራ ነው። ልጆቹ እሱ ጥላ ሥር ተሰልፈው ነበር ያገኘኋቸው፤ ፎቶ ላነሳ ስል ነው የተበተኑት።

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ልጻፈው፤ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ዓረፍተ ነገር አይደለም።

ጥቅምት 19

ሕትመቱን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ዳይሬክተሯ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይርቅም፤ ንግግሯ ግን ክፍል ውስጥ እንዳለች ነው። ፎቶውን መደርደሪያው ላይ አስደግፋ፣ ራቅ ብላ አየችው።

"እውነትም ቀጥ ብሏል" አለች። አነጋገሯ ያዘነች ይመስላል።

እኔም አየሁት። በኮምፒውተር ሳይሆን በዚያ ትልቅነት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ግድግዳው ቀጥ ብሏል። በሩ ግን...

በሩ ዘሟል። በትንሹ። ፈልጎ ያላየው ሰው አያየውም።

"ምን እያዩ ነው?"

"ሕትመቱን እያየሁ ነው።" ይህም ውሸት አይደለም።

ስወጣ በሩ ጋ ቆምኩ። ከካሜራው ቦርሳ ውሃ ልኬን አውጥቼ ጉበኑ ላይ ለጠፍኩት። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ አለች። በሩ ጤነኛ ነው።

ጥበቃው "መሐንዲስ ነሽ እንዴ?" አለኝ። "አይደለሁም" አልኩ። 

ጥቅምት 20

ኦሪጅናሉን ከፈትኩት። ያልተነካውን።

ለራሴ ላስረዳ። ሕንፃ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ያቀናል። ካሜራ ወደ ላይ ትንሽ ቀና ካለ ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል፤ ኮምፒውተር ላይ አንድ መስመር ትመርጫለሽ፣ "ይህ ቀጥ ነው" ትይዋለሽ፣ ሌላው ሁሉ እሱን ይከተላል። ለዚያ ፎቶ የመረጥኩት የግድግዳውን ጠርዝ ነው። ትልቁ እሱ ነዋ። አዲስ ግድግዳ ቀጥ አይደለም ብሎ ማን ይጠረጥራል? ግድግዳውን ሳቀና በሩን አጣመምኩት። አላየሁም። ማንም አላየም።

ኦሪጅናሉ ላይ በሩ ቀጥ፣ የመስኮቶቹ ጠርዝ ቀጥ፣ የመብራት ምሰሶው ቀጥ። ግድግዳው ብቻ ወደ መተላለፊያው ዘመም ብሏል። ያነሳሁት በርክክቡ ሳምንት ነው። ከክረምቱ በፊት፤ ቱቦው ሳይቆፈር።

ስለዚህ የቆፈሩት አይደሉም ያዘመሙት። ሲሠራ ነው የዘመመው።

ድሮ ጋዜጣ ቤት ስሠራ ፎቶ መነካካት ነውር ነበር። ከጠርዙ ትንሽ ብንቆርጥ እንኳን አዘጋጁ "የቆረጥከውን ንገረኝ" ይለን ነበር። ጋዜጣው ተዘጋ፣ እኔ ወደ ሕንፃ መጣሁ፣ እዚህ ደግሞ ያላቀና ሰነፍ ይባላል።

ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ ፎቶውን ሳልልክ አርክቴክቱ ደውለው ነበር። "የመግቢያዋን ግድግዳ አቅኚልኝ እንግዲህ።" እንዲህ ነው ያሉት... አውቀው ነበር? ወይስ እንደ ልማዳቸው? ለመደርደሪያም፣ ለመጋረጃም፣ ለምሰሶም አቅኚልኝ ይላሉ። አንዴ እሳቸውን ላነሳ ስል "ክራቫቴንም አቅኚልኝ" ብለው ቢሮውን አስቀውታል። አንዲት ቃል ናት። ስትነገር የተናገራትን ሰው ፊት አላየሁም፤ በስልክ ነበር።

ጥቅምት 21

ለባለቤቴ አሳየሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን። ብዙ አላስረዳሁትም፤ መንገድ የሚያይ ዓይን ነው ያለው።

"እሳቸው ከሄዱ ማን ይቀርሻል?"

"ማንም።"

"ልጆቹ እዚያ ሥር ነው የሚቆሙት?"

"አዎ።"

"እንግዲህ..." አለና ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ኳስ ነበር። ማን እንዳገባ ሁለታችንም አናውቅም።

ጥቅምት 25

ቢሯቸው ሄድኩ። አራት ቀን ስለማመድ የከረምኩት ንግግር ደረጃው ላይ ጠፋብኝ።

"ጋሼ፣ ያ ፎቶ የተቃና ነው።"

"ያላቃናሽው ፎቶ አለሽ? ለዚህ አይደል የምወድሽ!"

"ግድግዳውን ሳቀና በሩ ዘሟል። ኦሪጅናሉ ላይ የዘመመው ግድግዳው ነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ፎቶውን ስልኬ ላይ አቀረቡ፣ አራቁ።  እውነት ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፦

"ሌላ ማን አየው?" አሉ።

"እኔ ብቻ።"

"እሺ። ሻይ ይምጣልሽ?"

ሻይ መጣ። የሻዩ ስኳር ሲሟሟ እያየሁ ጠየቅኳቸው። "ያኔ ሲደውሉልኝ ግድግዳዋን አቅኚልኝ ያሉኝ..."

"ቆይ-ቆይ፣ እኔ እኮ ለሁሉም ነገር ነው አቅኚ የምለው።"

እውነታቸውን ነው። ይሄ ነው ችግሩ። በራቸውን እንኳን ራሳቸው ከፈቱልኝ። "ባለ ሰባት ፎቁን አትርሺ" አሉ። ከዚያ በፊት በር ከፍተውልኝ አያውቁም።

ጥቅምት 28

በትምህርት ቤቱ በኩል አለፍኩ። መንገዴ አይደለም። የእረፍት ሰዓት ነበር፤ ልጆቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረው ብስኩት ይበላሉ። አንዷ ጀርባዋን አስደግፋ መጽሐፍ ይዛለች።

ገባሁ። ዳይሬክተሯን፣ "ልጆቹን ከዚያ ያርቁልኝ" አልኳት።

"ያዩት ነገር አለ?"

"ዝናብ ከጣለ... ያስፈራል።"

 "ፎቶ አንሺ ግድግዳ ሲፈራ ገና ማየቴ ነው" አለች። ግን ጥበቃውን ጠርታ ገመድ አስወጠረች። እኔ ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው። ገመድ።

ኅዳር 1

ዳይሬክተሯ ደወለች። ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ከትምህርት ቤቱም ከአርክቴክቱም ወገን፣ መሃል ላይ ደግሞ ገለልተኛ መሐንዲስ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰበሰበው፤ ማን ያፍርሰው ማን ይሥራው የሚለው እዚያው ያበቃል።

"መሐንዲሱ የተነካ ፎቶ አልቀበልም ብሏል። ኦሪጅናሉን ራስዎ ይዘውት ይምጡ። ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ፎቶ አይታይም።"

"እኔ... የአርክቴክቱ ፎቶ አንሺ እኮ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው የማላዝዎት፤ የምለምንዎት።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

ኅዳር 5

አርክቴክቱ ደወሉ። ባለ ሰባት ፎቁ አልቋል። የእንጨት መወጣጫው ረቡዕ ይወርዳል፤ ዓርብ ተከራዮች ዕቃ ማስገባት ይጀምራሉ፣ ከዚያ በኋላ ፊት ለፊቱ መኪና ብቻ ነው። ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው ሐሙስ ነው። ፊቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው፤ ፀሐይዋ የማዶውን ፎቅ አልፋ ግንባሩን ስትመታ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ቦታውን ቀድሜ ስላየሁት አውቃለሁ። ጥቂት ቆይታ ትሄዳለች።

"ሐሙስ ኮሚቴው አለ ጋሼ።"

"አውቃለሁ።"

"ተጠርቻለሁ።"

"ሰማሁ።" አሉ። የመኪና ጡሩምባ ይሰማኛል፤ መንገድ ላይ ናቸው። "ኦሪጅናሉ ያለው አንቺ ጋ ነው። እኔ ምንም አላልኩም። ሐሙስ አትሂጂም አላልኩ፣ ሂጂም አላልኩ። የፎቁ ባለቤቶች ግን ፎቶ አንሺ ከጠፋ ያንን ባለ ድሮኑን ልጅ ሊጠሩት ነው፤ እኔን አይሰሙኝም።"

"ፀሐይዋን ቆይ ማለት አትችዪም መቼም" ብለው ሳቁ። ደግ ሰው ናቸው። ባይሆኑ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 8

ዘነበ። ቀኑን ሙሉ።

ኅዳር 10

በትምህርት ቤቱ በኩል ዞርኩ። ግድግዳው አለ። ገመዱም አለ፤ ልጆቹ መዝለያ አድርገውታል። ተራ ጠብቀው ከወዲህ ወደ ወዲያ ይዘላሉ፣ የሚያርፉት ግድግዳው ሥር ነው። ጥበቃው ያባርራቸዋል፣ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ ይመለሳሉ። አባረርኳቸው። "እትዬ፣ አንቺ መምህር ነሽ?" አለችኝ አንዷ። ከዚያ ዘላ ሄደች።

ቤት ገብቼ ቦርሳውን አዘጋጀሁ። ሁለቱ ሌንሶች፣ ትራይፖዱ፣ ውሃ ልኩ፣ የተሞሉ ባትሪዎች። ኦሪጅናሉን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ባትሪዎቹ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። የትም ብሄድ አብሮኝ ነው የሚሄደው። ይህ ውሳኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ስንት ሳምንት እንዲጮኽ ስለምነው የከረምኩት ስልክ። አላነሳሁትም። አንዱ እሳቸው፣ አንዱ እሷ።

ባለቤቴ ነገ እረፍት ነው። የወንድሙን መኪና ተውሷል፤ ትራይፖድ ተሸክማ ታክሲ አትጋፋም ብሎ።

"ወዴት ነው የምነዳው?" አለኝ እራት ላይ።

"ጠዋት እነግርሃለሁ።"

"ቆይ ማለትሽ ነው?"

አልሳቅኩም። እሱም አልሳቀም። ሳህኑን አነሳ።

ሁለት ሰዓት ላይ እንወጣለን። ፎቁ በግራ፣ ትምህርት ቤቱ በቀኝ። እስከ አደባባዩ ድረስ መንገዱ አንድ ነው።