«ከክልል የመጡ ወዳጆቻችን»

ኅዳር 4፣ ጠዋት
መብራት መጣ። ሥራችንን የላክንበትን ገጽ ከፈትኩ። አሁንም ዝም። እኔና መምህርት ሐዋ ለቤርታ ቋንቋ የሠራነውን የስልክ ኪቦርድ ለአዲስ አበባው ካምፓኒ ከላክን ክረምቱ አለፈ። የኪቦርዳችን ኮድ ክፍት ነው፣ ኑ በነፃ አብረን እናሳድገው ብለው የጠሩን እነሱ። ጠርቶ በር አለመክፈት ምን ይባላል፣ ደብተሬ?

ኅዳር 9
ከፈቱ! ሥራችን ኮዳቸው ውስጥ ገባ። ግን ጉሮሮ ላይ የምትያዘዋን ፊደል አውጥተዋታል። ትርፍ መስላቸው። ለነሱ ጆሮ አትሰማማ። እኔ ቤርታ ያልሆንኩት የባምባሲ ሰፋሪ ልጅ እንኳ ከገበያ ለምጃታለሁ። ሐዋ የምታስተምረው ይህንኑ ቋንቋ ነው፤ ማን ጠየቃት?

ኅዳር 10፣ ከሰዓት
የምስጋና ጽሑፋቸውን አየሁ። ሠራተኞቻቸው በስም፣ ከነፎቷቸው። እኛ? «ከክልል የመጡ ወዳጆቻችን»። ክልል! ከአ.አ. ውጭ ያለው ሁሉ አንድ መንደር ነው፣ ነዋሪው ስም የለውም። ቆሽቴ አረረ። ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 15
እሰይ! ኪቦርዱ ቤርታ ሲጻፍበት ድርቅ ይላል። ፊደሏን ሲያወጡ ያበላሹት ነው። መፍትሔው እኔ ጋ አለ፣ ጥቂት መስመር። ዛሬ ደወሉ። «ወንድማችን»፣ «ጀግናችን» ሆንኩ። የኪቦርዱ ምረቃ ደርሶባቸዋል። ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁ። ነበረ። በእንግዶቻቸው ፊት ይድረቅባቸው፣ የእጃቸውን ያግኙ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ኅዳር 17
ሐዋ መጣች። ትስቃለች ብዬ ነገርኳት። አልሳቀችም። ተማሪዎቿ በዚሁ ኪቦርድ ተረት ይጽፉ ነበር፣ ሲደርቅባቸው ጊዜ ትተው ወደ አማርኛ ዞረዋል። «ልጆቹ ምን አጠፋ? ካምፓኒው ሌላ ሥራ አለው። የኔ ልጆች ግን ቋንቋው ይተዋል፣ ወላሂ።» አፈርኩ። ተናደድኩም። እሷ ይቅር ብላለች፣ እኔ አላልኩም።

ኅዳር 18
የኮዱን ፈቃድ ደግሜ አነበብኩ። ማንም ይውሰድ፣ ይለውጥ ይላል፤ ፋይሉ አናት ላይ ያለውን የሠሪ ስም ግን ማንም አያጠፋም። ራሳቸው የመረጡት ውል ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

ቆርጫለሁ። መፍትሔውን ከነፊደሏ በራሳችን ገጽ፣ ዛሬውኑ፣ ለሁሉም። ልጆቹ ይጻፉ። ካምፓኒውም ምረቃው እንዲያምርለት ከፈለገ ይውሰድ። ሐዋን ስም ስጠይቃት የአባቷን ብቻ ነገረችኝ፤ የአያቷንም አስጨመርኳት። እያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ፦ ሐዋ አልሐሰን ኢብራሂም፣ አሶሳ።

ይፍቁት እስቲ።