ሀይሉ እና ኃይሉ አንድ ሰው ናቸው

ለተከበሩ መምህር ኤርሚያስ
የ«ካርዴ» ነፃ ሶፍትዌር የስህተት ጥቆማዎች መዝገብ አስተባባሪ
ወልድያ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ላፕቶፕዎም፣ ኔትወርክዎም ደህና እንዲሆኑልዎ ከመርሳ ድረስ ከልብ እመኛለሁ።

ለማያውቁ አንባቢዎቼ ላስረዳ፦ «ካርዴ» የክሊኒክ ካርድ ፈልጎ የሚያወጣ፣ በጎ ፈቃደኞች ሠርተው በነፃ የሰጡን ፕሮግራም ነው። ስህተት ያየ ሰው መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ የቱ አስቸኳይ፣ የቱ ዝቅተኛ፣ የቱ የተዘጋ እንደሚባል የሚወስኑት ደግሞ መምህር ኤርሚያስ ናቸው። ያለ ደመወዝ መሆኑን አልክድም፤ ምስጋናዬም ከዚሁ ይጀምራል።

1ኛ. እዚህ መርሳ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የሚሠራው ሙስዐብ፣ ፕሮግራሙ ሀይሉን በሃሌታው «ሀ» ሲጽፉት አንድ ሰው፣ በብዙኃኑ «ኃ» ሲጽፉት ሌላ ሰው እንደሚያደርገው በጥቆማ ቁጥር 41 አስመዘገበ። እርስዎም በተለመደው ትጋትዎ «ቶፊቅ» በሚል ስም ሞክረው «ችግሩ አልታየኝም፤ ቅድሚያ፦ ዝቅተኛ» አሉ። ቶፊቅን በስንት ዓይነት ፊደል መጻፍ እንደሚቻል ቢያስተምሩን ኖሮ ምስጋናችን እጥፍ ይሆን ነበር።

2ኛ. ሙስዐብ የይለፍ ቃሉ ጠፍቶበት፣ በአልፋው «አ» ሙስአብ ብሎ እንደገና ተመዘገበና ያንኑ አቤቱታ በቁጥር 58 አስገባ። «የተደገመ ነው፤ 41ን ይመልከቱ» ብለው 58ን ዘጉ። በወሩ መዝገቡን ሲያጸዱ ደግሞ «የተደገመ ነው፤ 58ን ይመልከቱ» ብለው 41ን ዘጉ። ፕሮግራምዎ አንዱን ሰው ሁለት ያደርጋል፤ እርስዎ ሁለቱን ጥቆማ ዜሮ ያደርጋሉ። እንዲህ የተሟላ ሥራ አይቼ አላውቅም!

3ኛ. በዚያው ሳምንት «አረንጓዴዋ ቁልፍ ትንሽ ትድመቅ» የሚለው ጥቆማ «አስቸኳይ» ተብሎ በአንድ ቀን ተፈጸመ። ደምቃለች፤ ዓይናችን በራ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው ማክሰኞ ከጎረቤታችን ከግራና ከተማ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ታመው መጡ። ሙስዐብ እረፍት ላይ ነበርና ነርስ ብርቱካን ራሷ ካርዳቸውን በ«ሀ» ፈለገች፤ ምንም ያልተጻፈበት ካርድ ወጣ። «ፔኒሲሊን አይስማማቸውም» የሚለው ማስጠንቀቂያ በ«ኃ»ው ካርድ ላይ ተኝቷል። መርፌው ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ሽማግሌው፣ «ስሚ እስቲ ልጄ፣ ይቺ አምና ፊቴን አሳብጣ ትንፋሽ የነሳችኝ መርፌ እንዳትሆን?» አሏት። ብርቱካን መርፌውን መልሳ አስቀመጠችው። ያዳናቸው ፕሮግራምዎ ሳይሆን ወሬ መውደዳቸው ነው፤ እኔም ይህን አመል የወረስኩት ከእሳቸው ነው። አዎን፣ «ዝቅተኛ» ያሏቸው አባቴን ነው።

እንግዲህ ከቁልፍ ማድመቅ የተረፈ ጥቂት ደቂቃ ቢኖርዎ፣ ከሁለቱ ጥቆማዎች ደስ ያለዎትን አንዱን እንዲከፍቱልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ከፍ ካለ አክብሮትና ደመቅ ካለ አረንጓዴ ሰላምታ ጋር፣

ልዕልት ሀይሉ
(በእርስዎ ዘንድ ልእልት ኃይሉም አለች፤ ካርዳችን ለየብቻ ነው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማተሚያ ቤቱ የሠርግ ጥሪዎን «ዔርሚያስ» ብሎ ቢያትመው፣ «ይሄ እኔ አይደለሁም» ብለው ሁሉንም አስደግመዋል ሲባል ሰምቼ ሐሜት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን አመንኩ። ስለዚህ ከላይ የተመኘሁት ጤና ለኤርሚያስ ብቻ ነው። ዔርሚያስ ጤና ከፈለገ ለብቻው ያመልክት፤ ቅድሚያው ግን ዝቅተኛ ነው።