በወንፊቱ ላይ የሚቀረው

ጂንካ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ለዐይኔ ማረፊያ፣ ለእርጅናዬ ምርኩዝ፣ ለልጄ ለዮርዳኖስ፤ ካለሽበት ከሐዋሳ።

ከአሪ ተራሮች የሚወርደው ዝናብ ሰፈራችንን እያረሰረሰ፣ እኔም ጉልበቴ ቢያስቸግረኝ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልቀር፣ በፈጣሪ ቸርነት አለሁ። በስልክ ልነግርሽ ያሰብሁትን ሁሉ፣ ነገሩ ወደ ፍሬው ሲቃረብ «አባዬ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ» እያልሽ ስለምታመልጪኝ፣ መቆራረጥ በማያውቀው በወረቀት ላይ ልጽፈው ወደድሁ።

የመታጠቢያ ቤትሽ ውሃ አልወርድ ብሎ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ እንደሚሞላ፣ ቱቦውን አስከፍተሽው ብዙም ሳይቆይ ዳግም እንደ ተደፈነ ነግረሽኝ ምክር ጠይቀሽኛል። የሰው ልጅ ከዐይኑ የራቀለትን ሁሉ የጠፋ ይመስለዋል፤ ቱቦ ግን የተሰጠውን አደራ አይበላም። ስለዚህ ድስትሽን ከማጠብሽ አስቀድሞ ቅባቱን በወረቀት ጥረጊው፤ የተረፈውን ዘይት በአሮጌ ቆርቆሮ አጠራቅመሽ ሲረጋ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣይው፤ የቡናውን አተላ ለአበባሽ፣ የእንጀራውን ፍርፋሪ ለወፎች ስጪ፤ ጎረቤት አሲድ ድፊበት ቢልሽ አትስሚው፣ ፕላስቲኩን ይበላዋልና። በመታጠቢያው ቀዳዳ ላይ ደግሞ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልሽን፣ የሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ ኤርጎ የሠራትን የብረት ወንፊት አኑሪ፤ ታጥበሽ በወጣሽ ቁጥር አንሥተሽ፣ በላይዋ የቀረውን ነገር ተመልክተሽ አራግፊ። «ተመልክተሽ» ያልሁትን ቃል ልብ በይልኝ።

እናትሽን ቀብረን፣ አንቺም ከሰልስቱ በኋላ ወደ ሥራሽ ተመልሰሽ፣ የአርባዋ ተዝካር በወጣበት ዕለት፣ ዝናቡ ግቢውን ስላጥለቀለቀው ሴቶቹ የድግሱን ሰታቴ በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲያጥቡ እጣቢው ሽቅብ ተመለሰ። ኤርጎን አስጠራነው። እርሱም ሽቦውን አጉብጦ ወደ ቱቦው እየሰደደ ይሳለቅ ጀመር።

«እናንተ ሴቶች፣ በሬውን ከነቀንዱ ነው እንዴ የለቀቃችሁት?»

«ዝም ብለህ ሥራ!» አለችው ጎረቤታችን አስካለ። «እኛ ቅባቱን በዐመድ ጠርገን ነው ያጠብነው። ይልቅ አንተ፣ የተዝካር ወጥ አልቀምስም ብለህ የኮራኸው ጴንጤ፣ ይኸው እጣቢው ውስጥ እስከ ክንድህ ተዘፈቅክ!»

«በእጄ ነው እንጂ በአፌ አልገባም፤ ጌታ ይቁጠርልኝ!»

ሳቁ ሳያባራ ሽቦው ከበደው። ክንድ የሚያህል፣ ጥቁሩና ሽበቱ እንደ ገመድ የተገመደ ጸጉር ጎትቶ አወጣ። ኤርጎ ቆቡን አወለቀ። አስካለ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ፣ «ይሄ የውባየሁ ነው» አለች፣ የእናትሽን ስም ጠርታ።

ልጄ ሆይ፣ እናትሽ ከማበጠሪያዋ ላይ የቀረችውን አንዲት ዘለላ እንኳ ከመተተኛ እጅ እንዳትገባ ብላ፣ ከእናቷ እንደ ወረሰችው፣ ጠቅልላ በማእድ ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የምትሸጉጥ ሴት እንደ ነበረች፣ በልጅነትሽ ያንቺንም እዚያው ትሸጉጥልሽ ስለ ነበር፣ አንቺው ታውቂያለሽ። ያቺ ሴት ጸጉሯን በውሃ ለቀቀች ማለት፣ ግድግዳው ሊሸሽግላት ከሚችለው በላይ ይረግፍ ነበር ማለት ነው። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ማሰር የጀመረችው ያን ጊዜ ነበር። ውሃው ለምን እንደሚዘገይ ስጠይቃት «ቱቦው አርጅቶ ነው፤ እንደኔና እንዳንተ» ብላ ትስቅ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ «ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ሳይጨርስ የተወውን ቃል፣ አጠገቤ ቆመሽ አብረን ሰምተነዋል።

አስካለ ጸጉሩን አጥባ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ከቀድሞው ስንጥቅ ውስጥ ከትታ በጭቃ መረገችው። ኤርጎም ቱቦውን ለወጠው። ይሁንና ተቋርጦ የዋለው የከተማው ውሃ ከቀትር በኋላ በተመለሰ ቁጥር፣ ማንም ሳይነካው ያ የመታጠቢያ ቤት ቀዳዳ ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳል፤ ሊናገር ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰውም ያጉረመርማል። ኤርጎ «አየር ነው፣ ጋሼ» ይለኛል። አየር መሆኑን አውቃለሁ። አውቄም፣ የጀመረው ነገር ያልተፈጸመለትን ሰው እንደሚጠብቁ፣ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ይህን እስካሁን ያልነገርሁሽ በሐዘንሽ ላይ ሸክም እንዳልጨምርብሽ ነበር። ባለፈው ሰንበት ግን አስካለ የላክሽላትን ፎቶግራፍ በስልኳ አሳየችኝ። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ራስሽን ተከናንበሽ የማታውቂው ልጅ፣ በገዛ ሳሎንሽ ተቀምጠሽ፣ ሻሽሽ እስከ ቅንድብሽ ወርዷል። ወዲያው ደውዬ ስለ ውሃው ስጠይቅሽ «ቱቦው አርጅቶ ነው፣ አባዬ» ብለሽ ሳቅሽ።

ልጄ፣ የምትኖሪበት ቤት ተሠርቶ ያለቀው ገና አምና ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ያረጀ ሰው በጥላ ይደነግጣልና ተሳስቼ ከሆነ፣ እንደ ፈለግሽ ሳቂብኝ፤ ከዚያ የበለጠ ደስታ ከዚህ በኋላ አልመኝም። ካልተሳሳትሁ ግን፣ እናትሽ ለእኔ ስትሳሳ እንዳደረገችው አንቺም ለእኔ አትሳሺልኝ፤ ሻሽሽን ፈትተሽ፣ በወንፊቷ ላይ የቀረውን ይዘሽ፣ ውለሽ ሳታድሪ ከሐኪም ፊት ቅረቢ። ስለ ቱቦው መከፈት አትጻፊልኝ፤ በወንፊቷ ላይ የቀረውን ጻፊልኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሾፌር ዓርብ ወደ ጂንካ ይመለሳል። መናኸሪያው ላይ እጠብቀዋለሁ፤ መልስሽን ካልያዘ፣ በማግስቱ በእርሱው መኪና ተሳፍሬ እመጣለሁ።

የእያንዳንዳችንን ጸጉር የቆጠረ አምላክ ያንቺን አንዲት ዘለላ እንኳ አይዘንጋ፤ ከራስ ጸጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እርሱ ይጠብቅልኝ።

ዓርብን የሚጠብቀው አባትሽ፣
ንጉሤ