የፊት ወንበሯ «ቀሪ»

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ሰላም፣ የወንበርዎንም ምቾት አጥብቄ እጠይቃለሁ። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልዎ ነበር፤ ነገር ግን በእርስዎ መዝገብ መኖሬ ገና ስላልተረጋገጠ፣ የሌለ ሰው ደህና ነኝ ማለቱ ድፍረት እንዳይመስልብኝ ትቼዋለሁ።

ማን እንደሆንኩ ላስተዋውቅዎ ይፍቀዱልኝ። ቀን በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ የማጥብ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ በኮሌጅዎ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዲፕሎማ የምማር፣ የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። የሆስፒታል አንሶላ ላይ ያለ ደም በውሃ ብቻ አይለቅም፤ በረኪና ይፈልጋል። በረኪና ደግሞ ደሙን ብቻ ለይቶ የሚበላ ጨዋ ነገር አይደለምና የእጄን ቆዳ ከነመስመሩ ልጦ ጣቶቼን ልሙጥ አድርጓቸዋል። የቆዳ ሐኪሙ ከዚህ ሥራ ካልወጣሽ እጅሽን ታጪዋለሽ ቢለኝ፣ መውጫ ሳፈላልግ ያገኘሁት የእርስዎን ኮሌጅ ነው። የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ኃላፊም ዲፕሎማውን ይዤ ከመጣሁ ኮምፒውተር ላይ እንደምታስቀምጠኝ ቃል ገብታልኛለች። እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን ፈተና ልፈተን።

ጊዜዎን እንዳልሻማ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. በክፍላችን በር ላይ ስላስተከሉልን የጣት አሻራ መሣሪያ እጅግ አመሰግናለሁ። እኛ ተማሪዎች «ዳኛው» እንለዋለን፤ ይግባኝ አይቀበልማ። ጣቴን ሳስነካው ቀይ መብራቱን ያበራብኛል፤ አውራ ጣቴን፣ ሌባ ጣቴን፣ የቀለበት ጣቴን በየተራ አቀርብለታለሁ፤ አንዱንም አያውቀውም። ከኋላዬ የተሰለፉት ልጆች እትዬ፣ እስቲ የእግርሽን ሞክሪለት እያሉ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ ገብቼ የፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ዳኛው ደግሞ «ቀሪ» ብሎ ይመዘግበኛል። ጽሕፈት ቤትዎም ይህንኑ መዝገብ አይቶ፣ ትምህርት አልተከታተለችም በማለት ከፈተና አግዶኛል።

፪ኛ. የዳታቤዝ መምህራችንን ስለመደቡልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሰው አክባሪ ናቸው፤ ገና ሲገቡ በስሜ ጠርተው ሰላም ይሉኛል፣ እስክሪብቶ ሲያጡ የእኔን ይዋሳሉ፣ ፕሮጀክተሩ እምቢ ሲላቸውም ገመዱን ነቅዬ እንድሰካላቸው ያዙኛል። ክፍል ውስጥ ለመኖሬ ምስክር ይሁኑኝ ብዬ ስለምናቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ እኔስ አይቼሻለሁ፣ ሲስተሙ ነው ያላየሽ አሉኝ። ዓይን ያላቸው ሰው ዓይን በሌለው ዕቃ ሲመሩ አይቼ አዘንኩላቸው፤ እስክሪብቶም ከእኔ ሳይሆን ከዳኛው ቢዋሱ ምን ነበረበት ብዬ አሰብኩ።

፫ኛ. እኚሁ መምህር፣ ማንኛውም ሲስተም መረጃ ማንበብ ሲያቅተው የሚሠራበት ሌላ መንገድ ሊዘጋጅለት ይገባል ብለው አስተምረውናል። ነገሩ በአጋማሹ ፈተና ላይ ጥያቄ ሆኖ መጣ፤ በትክክል መለስኩ፤ ሙሉ ነጥብም ሰጡኝ። ያንኑ መልስ ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ በመምጣት ሌላ መንገድ ይፈለግልኝ፣ ስሜ በወረቀት ይጠራ ብል፣ ለአንዲት ተማሪ ተብሎ ወደ ወረቀት መመለስ የኮሌጁን ዘመናዊነት ያጎድፋል የሚል ምላሽ ተሰጠኝ። ኮሌጅዎ የሚያስተምረውን ራሱ አለመማሩ አጽናንቶኛል፤ ለካ ከእኔ የባሰ ቀሪ አለ።

፬ኛ. አንድ ቀን ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ በዳኛው ላይ በቀለደችው ቀልድ ድምፄን ለቅቄ ሳቅሁ። ጥፋቴ ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ክፍል በመረበሽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። በዚያው ዕለት ዳኛው «ቀሪ» ብሎኛል። በዚያ ዕለት አልመጣሽም የሚለውም ወረቀት፣ በዚያ ዕለት መጥተሽ ረበሽሽ የሚለውም ወረቀት ከታች የእርስዎ ፊርማ አለበት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ለልጄ ባሳያት፣ ዲን ማለት ሳያነብ የሚፈርም ሰው ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ልጅ ናትና ይቅር ይበሏት፤ እኔ ግን አልተቆጣኋትም።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ግን ተራ ቁጥሩን ልተወውና በግልጽ ልናገር። ቢሮዎ መጥቼ ሁለት እጄን በጠረጴዛዎ ላይ ዘርግቼ ሳሳይዎ፣ እርስዎ የኮምፒውተርዎን መስታወት ነበር የሚያዩት። አንዴ ብቻ ቀና አሉ፤ እሱም በእጄ አጠገብ የነበረውን ፋይል ወደ ራስዎ ሳብ ለማድረግ ነው፤ ምናልባት እንዳላቆሽሸው። እነዚህ እጆች ግን ቀኑን ሙሉ በረኪና ውስጥ ውለው የሚመጡ ናቸው፤ ከፋይልዎ ይልቅ ንጹሕ ናቸው። በዚያች ደቂቃ ንዴቴ አልፎ ናቅሁዎ፤ ይህን በአክብሮት ደብዳቤ ውስጥ መጻፍ ነውር መሆኑንም አላጣሁትም።

ለማንኛውም፣ ፈተናው በሚሰጥበት ዕለት እንደ ወትሮው መጥቼ የፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። በመዝገብዎ መሠረት በዚያ ወንበር ላይ ማንም የለምና ጥበቃዎችዎ የሌለ ሰው ጎትተው ለማስወጣት እንዳይደክሙ አስቀድመው ይንገሩልኝ። ካስወጡኝም ቅር አይለኝም፤ ማንን እንዳስወጡ ስሜን መጻፍ ይኖርባቸዋል፤ ኮሌጅዎም ከማስጠንቀቂያው ቀጥሎ ለሁለተኛ ጊዜ መገኘቴን በጽሑፍ ያረጋግጥልኛል።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለዳኛው የማይቋረጥ መብራት እየተመኘሁ፣ ወንበርዎን በሚመጥን አክብሮት እሰናበታለሁ።

በየቀኑ እየመጣች የምትቀረው ታዛዥ ተማሪዎ

ግልባጭ፦ በር ላይ ለተተከለው ዳኛ፣ ማንበብ ከጀመረ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የእገዳውን ደብዳቤ ልረከብ ስሄድ የሬጅስትራሩ ሹም ፊርማዬን አልቀበልም አሉ። ተማሪ ኋላ አልደረሰኝም ብሎ እንዳይክድ ደንቡ የሚያዘው አሻራ ነው ብለው አውራ ጣቴን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ አስጫኑኝ። ያረፈው አንድም መስመር የሌለው ጥቁር ድቡልቡል ነው። ሹሙ መነጽራቸውን አስተካክለው ተመለከቱት፣ የኮሌጁን ማኅተም መቱበት፣ ከሥሩም በእጃቸው «ራሷ መሆኗ ተረጋግጧል» ብለው ጻፉበት።