ቀይ ክር የታሰረባቸው ቲማቲሞች

ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከመቀመጫዬ ስነሳ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ። ጠግነው ስትዪኝ የኖርሽው በርም ተጠግኗል። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ጓሮሽ ነው፤ የምናዘዘው ነገር አለኝ።

ጓሮው ያንቺ፣ የበረንዳው ጠረጴዛ የእኔ ነበር። አንቺ ስትኮተኩቺ እኔ ፈተና አርማለሁ። ጡረታ ወጥቼ የማርመው ሳጣ እንኳ የጋዜጣ ፊደል ግድፈት እያረምኩ እቀመጥ ነበር። ስለዚህ ለቅሶው አብቅቶ ወደ ጓሮ ስወጣ ደነገጥኩ። ቲማቲሙ ቅርንጫፉን አጉብጦታል፣ ቆስጣው ጉልበቴ ደርሷል፣ ቃሪያው ቀልቷል። አንዲት ቅጠል ስትበላሽ አትወጂምና ደብተር አውጥቼ መደብ በመደብ መዘገብኩ።

አንዳንዶቹ ቲማቲሞች ቀይ ክር ታስሮባቸው ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት በቀይ እስክሪብቶ ያረመ ሰው ቀይ ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ስህተት። ታመው ይሆናል፣ ልትጥያቸው ለይተሽ ይሆናል ብዬ እነሱን አስቀድሜ ለቀምኩና ለጎረቤታችን ለሀሊማ ፍየሎች ሰጠሁ። የቀሩትን እኔ ጨረስኳቸው። የቲማቲሙን ተክሎችም ነቅዬ መሬቱን አጸዳሁ። በሥራዬም ኮራሁ።

ከሳምንታት በኋላ ልጃችን ማህሌት ከድሬዳዋ ደወለች። "አባዬ፣ እማዬ ለዘር ብላ ክር ያሰረችባቸውን አደረቅካቸው?" አለችኝ። እናትሽ በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ የሰጠችሽን፣ ወደ ጅግጅጋ ስመደብ አብሮን የመጣውን፣ በየዓመቱ ከምርጡ እያስቀረሽ ያቆየሽውን ዘር ለፍየል አብልቻለሁ። መሳቢያሽን ፈተሽኩ፤ አንዲት ፍሬ አልቀረችም። ካንቺ ሞት ወዲህ እንደዚያ ቀን የከበደኝ ቀን የለም።

ዝናቡ ሲመጣ ሀሊማ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ዛሬም ስሜን ትታ በሶማልኛ ማአሊን፣ መምህር፣ ትለኛለች፤ መምህርነቴን ያልረሳች እሷ ብቻ ናት። "ማአሊን፣ ፍየሎቼ እርሻ ጀምረዋል፤ ይምጡና ይመርቁላቸው" አለችኝ። ሄድኩ። ከበረቱ ጥግ፣ ከበጠጡ መሐል የቲማቲም ችግኝ ተጨናንቆ በቅሏል። ቅጠሉን አሽቼ አሸተትኩት፤ ከጓሮ ስትገቢ እጅሽ የሚሸተው ሽታ ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ደግሞ ሳቅኩ። ፍየሎቹ ቆመው ያዩኛል።

ችግኞቹን በማስመሪያ ለክቼ ተከልኳቸው። አሳስቼ ጥቂቱን ብቻ ብተክል ይበቃ ነበር፤ ግን አንዷንም መጣል አልሆነልኝም፤ ከመደቡ አልፈው እስከ በሩ ደረሱ። አሁን ምርቱ ከአቅሜ በላይ ነው። ሀሊማ ለፓስታዋ ሱጎ ትሠራበታለች። ቆስጣውን መጀመሪያ የፍየል ቀለብ ነው ብላ ስቃብኝ ነበር፤ ዛሬ ከትፋ ከሥጋው ጋር ሳምቡሳ ውስጥ ትጨምረዋለች፤ ከሳምቡሳውም ይደርሰኛል። የተረፈውን ቲማቲም ቆራርጬ ቆርቆሮ ላይ አሰጣለሁ። የዝንብ መከላከያው የድሮ መጋረጃሽ ነው፤ ይቅር በዪኝ። ማህሌት በቀደም መጥታ ልብሷን በፌስታል ይዛ፣ ሻንጣዋን ቲማቲም ሞልታ ተመለሰች።

ትናንት ማለዳ ከስፌት ሣጥንሽ ቀይ ክር ወሰድኩ። ከሁሉ ያማሩትን መርጬ አሰርኩባቸው። ቋጠሮዬ እንዳንቺ አያምርም፣ ግን ጠብቋል። ዘሩን የማስቀምጥበት ወረቀት ላይ ስምሽን ጽፌያለሁ።

ለጥንቃቄ ያህል፣ ክር ካሰርኩባቸው አንዱን ለሀሊማ ፍየሎች ሰጠሁ። እኔ አልረሳሽም፤ ድንገት ያረጀ ጭንቅላቴ ቢከዳኝ ግን እነሱ ያስታውሱኛል።

ያንቺው