በሩፋኤል ዝናብ የታጠበችው ድመት

ጳጉሜን 3፣ የካ አባዶ። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ቤት ውስጥ እኔ፣ ልጄ ሰብለ እና ድመታችን ዳማ።

ለዘመን መለወጫ ቤቱን ሳጸዳ ዋልኩ። ሶፋው ሥር ያለው የዳማ ሽንት ሽታ አልለቅ ሲለኝ በረኪናውን ውሃ ሳልጨምርበት አፈሰስኩት። ዳማ እርጥቡን ወለል ረግጣ እግሯን ስትልስ አላየኋትም። ያየቻት ሰብለ ናት። "እማዬ፣ በረኪናውን ልሳለች! ለሃጯ እየወረደ ነው!" ብላ ጮኸች።

እግሯን ላጥብ ብል ቧንቧው ደርቋል። በጀሪካን የነበረውንም ለወለሉ ጨርሼዋለሁ። የቀረኝ ለበረከት ብዬ በረንዳ ላይ ያጠራቀምኩት የሩፋኤል ዝናብ ብቻ ነው። በእሱ አጠብኳት። ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ ሲያልፉ አይተው፣ "አንቺ፣ ደግሞ ድመት ማጥመቅ ጀመርሽ?" ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሩፋኤልን ስለ እሷ ለመንኩት፤ ኃጢአት ይሁን አይሁን አላውቅም። ወተት ባቀርብላት ፊቷን አዞረች።

ጳጉሜን 4፣ ጠዋት። አልተሻላትም። በነጠላዬ ጠቅልዬ ቦሌ ወዳለው የእንስሳት ሐኪም ይዣት ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ፣ "እናት፣ ምን ይዘሽ ነው?" አለኝ። "ታማብኛለች" አልኩት። ማን እንደሆነች ሳይጠይቅ መስኮቱን ዘጋልኝ።